የእናኑ አዲስ መንጋጋ

የባለቤቴን የፈለቀን መርዶ ይዘው ሦስት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ደጄ ላይ ቆሙ። በዚያ ሰዓት ሦስት ሽማግሌ ያየ ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። እኔ ግን አንደኛው ጉንጫቸውን ይዘው ስላየኋቸው የፈለቀ ታካሚ መሰሉኝ። «ሐኪሙ ገጠር ለሥራ ወጥቷል፣ ሐሙስ ይመለሳል። እስከዚያ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ» ብዬ መከርኳቸው። ሽማግሌው አለቀሱ። ጥርሳቸው ቢብስባቸው ነው አልኩ።

የጥርስ ሐኪም ሚስት እንዲህ ናት። አሁን ስለ ፈለቀ አውሪ ሲሉኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ የእናኑ ነገር ነው።

ፈለቀ የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ እናኑ የምትባል የአንደኛ ክፍል ልጅ አፏን እንድትከፍትለት። አዲስ መንጋጋ አብቅላለች። አዲስ መንጋጋ ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ ምግብ ይወሸቅበታል፣ ብሩሽ አይደርስበትም። ፈለቀ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ፣ ጥርሱ ሳይቦረቦር በፊት ስንጥቁን በቀጭን ሽፋን ይደፍናል። መርፌ የለው፣ መሰርሰሪያ የለው፤ ይቀባና በመብራት ያደርቀዋል። የእናኑ ታላቅ እህት ያችኑ መንጋጋ አምና በጉጠት አስነቅላለች። በእናኑ ትምህርት ቤት ሰፈር ኤሌክትሪክ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ እኛም ዘንድሮ ወደዚያ አንመለስም። የእኔ ሥራ አብሬው እየዞርኩ ልጆቹን «አትፍሩ» ማለት ነው።

እናኑ ከንፈሯን ገጠመች። «እማዬ ካልፈቀደች አልከፍትም።»

እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ አጥሩ ሥር ቆመዋል። «ሁዳዴ ነው እኮ ዶክተር። ሰባት ዓመት ሞልቷት ዘንድሮ መጾም ጀመረች። ውሃ ያልቀመሰችውን ልጅ ቀለም ሊያቀምሱብኝ ነው? የንስሐ አባቴ ይናገሩ።»

እንግዲህ ቄሱ አፋቸውን ካልከፈቱ እናት አትፈቅድም፤ እናት ካልፈቀደች እናኑ አትከፍትም።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞገስ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ይኖራሉ። ጉንጫቸው አብጦ በጋቢ ተጠቅልለው መጡ። «የምናገርበት አፍ አለኝ እንዴ?» አሉ በግማሽ ከንፈር። «መጀመሪያ ይችን ጥርስ ንቀልልኝ፣ ልጄ።» ፈለቀ ወንበሩን አሳያቸው። ወንበሩን አይተው ወደ ኋላ አሉ። «የለም፣ ቅድሚያ ለመንግሥት ሠራተኛ። ዳይሬክተሩ ይቅደሙ።»

ዳይሬክተሩ ካልከፈቱ ቄሱ አይከፍቱም፤ ቄሱ ካልከፈቱ እናት አትፈቅድም፤ እናት ካልፈቀደች እናኑ አትከፍትም።

ዳይሬክተሩ መምህር ደምሳሽ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ቆይ፣ የሐኪሙን ባለቤት እዚህ ወንበር ላይ ያየ አለ?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

እኔ ካልከፈትኩ ዳይሬክተሩ አይከፍቱም፤ ዳይሬክተሩ ካልከፈቱ ቄሱ አይከፍቱም፤ ቄሱ ካልከፈቱ እናት አትፈቅድም፤ እናት ካልፈቀደች እናኑ አትከፍትም።

«የእኔ ጥርስ ደህና ነው» አልኩ፣ በግራ መንጋጋዬ ቅርንፉድ እንደነከስኩ። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ፈለቀ ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሊሞላ ነው። «ደግሞ ወንበሩ ይወዛወዛል» አልኩ። «ካልጸና አልቀመጥም።»

ወንበሩ ካልጸና እኔ አልከፍትም፤ እኔ ካልከፈትኩ ዳይሬክተሩ አይከፍቱም፤ ዳይሬክተሩ ካልከፈቱ ቄሱ አይከፍቱም፤ ቄሱ ካልከፈቱ እናት አትፈቅድም፤ እናት ካልፈቀደች እናኑ አትከፍትም።

ከዚያ በላይ የምንሄድበት አልነበረም፤ ወንበር ሰበብ አያውቅም። እናኑ ጎንበስ አለችና ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስታ በወንበሩ አጭር እግር ሥር ወሸቀች። በእጇ ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው።

«ይኸው እትዬ፣ ጸንቷል። አይፍሩ» አለችኝ።

ለዚያ ቃል ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ነበርኩ። ምን ልበል፤ ወንበሩ ጸናና እኔ አፌን ከፈትኩ። ፈለቀ በመስታወቱ አየኝ። «ከዚህ የሚወጣው ቅርንፉድ ለሠርግ ሻይ ይበቃል» አለ። እኔ ስከፍት ዳይሬክተሩ ከፈቱ። ዳይሬክተሩ ሲከፍቱ ቄሱ ከፈቱ፤ ጥርሳቸው ወጣ። አፋቸውን ተጉመጠመጡና «ቀለሙ ይዋጣል?» ብለው ጠየቁ።

«አይዋጥም አባቴ። ጥርስ ላይ ይደርቃል።»

«ያልተዋጠ አያስገድፍም። ትቀባ።»

ቄሱ ሲናገሩ እናት ፈቀደች፤ እናት ስትፈቅድ እናኑ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፈተችው። ፈለቀ መንጋጋዋን አጠበ፣ አደረቀ፣ ቀባ፣ አበራበት። እጁ ከአፏ ሳይወጣ ኤሌክትሪኩ ጠፋ። ሁላችንም ወደ አፏ አጎነበስን። ፈለቀ በመመርመሪያው ጫፍ ሽፋኑን ጫር አደረገው።

«ደርቋል» አለ።

ፈለቀ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት ኖረ። አሁን እሱ ስለሌለ ልመናው የእኔ ሆኗል። እዚህ ድረስ ያነበባችሁ ሁሉ፣ አፋችሁን ክፈቱና ነፍሱን ይማር በሉልኝ። ለጸሎት የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ነው።