ጉድለቱን አሳየን

አንድ ሰው ድንጋይ ይጠርብ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ጠርቧል፤ ከጠረበው ድንጋይ በአንዱም ላይ ግን ምልክቱ የለም።

ለምን? በዚያ አገር የጠራቢዎች ማኅበር ነበረ። ማኅበሩ ውስጥ ያልገባ ሰው የፈለገውን ያህል ቢጠርብ ምልክት መቅረጽ አይፈቀድለትም። የገባ ግን የራሱ ብቻ የሆነ ምልክት ይኖረዋል፤ የወፍ እግር ይሁን፣ ባለ ሦስት ጫፍ ኮከብ ይሁን፣ ሲሞት እንኳ ለሌላ አይሰጥም። የሚቀረጸውም ሰው በሚያየው ፊት አይደለም፤ አጠገቡ ካለው ድንጋይ ጋር በሚጋጠመው በኩል ነው። ግንቡ ይሸፍነዋል።

መግቢያው እንዲህ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ለመግባት የሚሻ ሰው በገዛ እጁ በጠረበው ድንጋይ ላይ የመረጠውን ምልክት ቀርጾ ያመጣል። ሦስት ሽማግሌዎች ይመረምሩታል። ካለፈ ድንጋዩ በሚሠራው ቤተ ክርስቲያን የበር ቅስት ውስጥ ይገባል፤ ሰውዬውም ወንድም ይባላል።

ሰውዬው ያን ዓመት አልተዘጋጀም። ሥራውን ያስተማረው ጋሽ እንግዳወርቅ ታሞ ሁለት ወር አስታመመው። አጠበው፣ አጎረሰው፣ በመጨረሻም ቀበረው። ከቀብር ሲመለስ ለቀኑ አራት ቀን ቀርቷል። በጥድፊያ ጠረበ፤ ማዕዘኑ ተሸረፈ። ሌላ ጀመረ፤ እሱም ለሁለት ተሰነጠቀ።

በጋሽ እንግዳወርቅ ጓሮ ደግሞ ጆንያ የለበሰ አንድ የቅስት ድንጋይ ነበር። ሟቹ አልጋ ሊይዝ ሰሞን የጨረሰው ነው። ምልክት ብቻ ይቀረዋል።

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱ። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። «እሱ ቢኖር ይሰጠኝ ነበር» አለ። ምናልባትም እውነቱን ነው። መሮውን አነሳና የራሱን ምልክት ቀረጸበት።

ቀኑ ደረሰ። የማኅበሩ መሪ አለቃ ዘለቀ ማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን፣ በየጠርዙ አስደገፈ። በመሐል ብርሃን አላለፈም። ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ውብሸት በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገና አዳመጠ።

«ድምፁም ሙሉ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ካየሁ ቆየሁ።»

የሰውዬው ልብ ተመለሰ።

አለቃ ዘለቀ ግን ስኳድራውን አስቀመጠና፣ «በል እንግዲህ፣ ጉድለቱን አሳየን» አለው።

«የምን ጉድለት?»

«የድንጋይህን ነዋ። የሰው ሥራ አይደል?»

የማኅበሩ የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ነው፤ ለውጭ ሰው አይነገርም። የጠረበ ሰው መሮው የት ላይ እንደከዳው ያውቃል። ሌላው ባያየው እንኳ እሱ ጣቱን ቀጥታ እዚያ ላይ ያሳርፋል።

ሰውዬው ድንጋዩን ዞረው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ብሎ አየ።

«ጉድለት የለውም።»

አቶ ውብሸት ሳቀ። «ባለቤቴ የኔን ጉድለት በሠርጋችን ሳምንት ቆጥራ ጨርሳለች። አንተ የአንድ ድንጋይ ያቅትሃል?»

አለቃ ዘለቀ አውራ ጣቱን በታችኛው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ና፣ ንካ።»

ሰውዬው ነካ። ዓይን የማይለየው፣ ተራ በተራ የተነከሰ ሻካራ ነገር።

«ይህን የሠራ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል» አለ አለቃ ዘለቀ። «እስቲ እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋ። ምነው በተንቀጠቀጠ ብሎ ተመኘ። እጁ ግን ዝም አለ።

ያን የሚንቀጠቀጥ እጅ ያውቀዋል። ሁለት ወር ሙሉ ጣሳ ያስያዘው፣ ውኃ ባፈሰ ቁጥር ያደራረቀው እጅ ነው። አልጋ ላይ የመጣ ነገር መስሎት ነበር። ለካ ጋሽ እንግዳወርቅ ሲጠርብም ይንቀጠቀጥ ኖሯል፤ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ እየጠረበ አላየውም።

«የኔ አይደለም» አለ። «የጋሽ እንግዳወርቅ ነው።»

«እንግዲያው ምልክትህን አንሳ።»

«እኔው ራሴ?»

«የቀረጽከው አንተ ነህ።»

ምልክት ከድንጋይ ላይ በጨርቅ አይጠረግም። ሰውዬው ተንበርክኮ ጠረበ። ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ድንጋዩ ግማሽ ጣት ሳሳ። ቅስት ደግሞ ግማሽ ጣት ይቅር አይልም። ቦታው ላይ አግብተው ሞከሩት፤ ላላ፤ አልያዘም። ሟቹ በሚንቀጠቀጥ እጁ የፈጸመው የመጨረሻ ሥራ በጤነኛ እጅ ተበላሸ። ሰውዬውም ወደ ቤቱ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን በአባታችን ጸሎት፣ በእናታችን ጾም ላይ የራሳችንን ስም የቀረጽን? «እኛ ቤት እኮ ሃይማኖት ከጥንት ነው» እንላለን። መልካም። ማን ጸልዮ? ስንት ጊዜ ተጠራጥሮ? ጉልበቱ የት ላይ እምቢ ብሎት? አናውቅም። አጠገባቸው ተቀምጠን አልጠየቅናቸውም። ያማረውን ወሰድን፤ ያስከፈላቸውን አላየንም።

እግዚአብሔር ፊት ስትቆሙ ማማራችሁን አሳዩኝ የሚላችሁ ይመስላችኋል? ማማሩንማ ከእናንተ በፊት አይቶታል። የት እንደወደቃችሁ ስትጠየቁ ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቦታ አላችሁ? የሌለው ሰው ንጹሕ ነው አትበሉ። ምናልባት ገና አልጀመረም።

አባት ያላችሁ፣ እናት ያላችሁ፣ ዛሬ ሂዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። በምን እንደተመሰገኑ አትጠይቋቸው፤ የከበዳቸውን ጠይቋቸው። ከዚያ የራሳችሁን ጀምሩ። ጠማማ ቢወጣም የእናንተ ነው።