የጠጁ ስባሪ

አንድ ንጉሥ ጠጅ ሲጠጡ አምሽተው ሆዳቸውን ቆረጣቸው። ሲያቃስቱ ከሦስት ወንዝ ማዶ ያሉ ላሞች ወተት ከለከሉ ይባላል፤ አራት ወንዝ ነው የሚሉም አሉ። ጠጅ ጣይዋ ይመኙሻል መርዝ ጨምራለች ተባለና ታሰረች።

መዛኙ ተሰማ ተጠራ። ይህ ሰው ዓይን የማያየውን ቅንጣት ሰባብሮ ስባሪውን የሚመዝን መሣሪያ ነበረው። ከጠጁ ቀንሶ ሰበረና መዘነ። አንዱ ስባሪ ክብደቱ ከአንድ የታወቀ መርዝ ስባሪ ጋር እኩል ሆነ።

"በቃ፣ ነገ ትሰቀል" አሉ ንጉሡ።

ተሰማ ግን ምሳውን ትቶ ውጤቱን ደግሞ አሰበበት። ክብደቱን አየ እንጂ ስባሪው ከምን እንደወጣ አላየም። ይህን የሚያውቀው ወርቅነህ ነው፤ ቅንጣት እንዴት እንደሚሰበር ኮምፒውተር ላይ ሲያስብ የሚውለው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሙያ ሲያናንቅ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ገበያ ሲገናኙ አህዮቻቸው እንኳ ጀርባ ይሰጣጡ ነበር። ተሰማ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሄደ።

"ምን እግር ጣለህ፣ አቶ ሚዛን?"

"የሰው አንገት ነው ያመጣኝ፣ አንተ በሕልምህ ሰባሪ።"

ወርቅነህ ቀልዱን ተወ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ መርዙንም ማሩንም ሲሰበሩ አሳየው።

"አየህ፣ ማርም ሲሰበር ጫፉ ይዞርና ያንኑ ክብደት ያለው ስባሪ ይጥላል። መርዝ ከሆነ ግን ከባድ ወንድም፣ ማለት ከበድ ያለ ሌላ ስባሪ፣ አብሮት መውጣት አለበት።"

"ወንድሙ ጠጁ ውስጥ አለ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ጋ ያለው ሊሆን የሚችለው ነው። የሆነውን አንተ መዝን።"

ተሰማ መጀመሪያ የፈለገው አንዱን ስባሪ ብቻ ነበር። ተመልሶ ሰበረ፣ መዘነ፣ ደግሞ መዘነ። ከባዱ ወንድም የለም።

"ጃንሆይ፣ ተሳስቻለሁ። ማር ነው።"

"ታዲያ ሆዴን ምን ቆረጠኝ?"

"ከጠጁ ጋር የወረደው የበሬ ጎድን ይጠየቅ፣ ጃንሆይ" አለች ይመኙሻል፣ እጇ ገና ሳይፈታ። ንጉሡ የበሉትን ጎድን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፍቷት አሉ።

ስባሪ ያገኘ ሁሉ እንዴት እንደተሰበረ አያውቅም፤ አሰባበሩን ያሰበም የሆነውን ካልመዘነ አያውቅም። እኛስ ከሰው ነገር አንዲት ስባሪ ሰምተን ስንቱን ሰቅለናል? ገመዱ ሳይጠብቅ ያኮረፍነውን ሰው ደጅ የምናንኳኳ ስንቶቻችን ነን?