ፍየሏ ለልጇ ያሠራችው ገሳ

ኑ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ። ከወላጆቻችሁ ሁለት ሦስቱ ደርሰው በር ላይ ቆመዋል፤ የቀሩት ዝናቡ ሳያባራ አይመጡም። እኔም ደክሞኛል። ከጠዋት ጀምሮ የእናንተን አሥራ አንድ ጥንድ ካልሲ ጨምቄያለሁ፤ ያውላችሁ፣ ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ዛሬ ዘፈንም ጭብጨባም የለም፣ ተረት ብቻ ነው የቀረኝ። እኔ «ዝናቡ መጣ» ስል እናንተ «ጣራው ይቻለው» በሉ።

ዝናቡ መጣ!

ጣራው ይቻለው!

ድሮ ድሮ፣ ልብስ እንደ ሰው ሲናገር፣ ዝናብም አፍ አውጥቶ ሲመልስ፣ ከአንድ ገደል ሥር አንዲት ፍየል ትኖር ነበር። ፍየልና ዝናብ መቼም አይዋደዱም። ይቺኛዋ ግን የምትጠላበት የራሷ ምክንያት ነበራት። ባለፈው ክረምት የበኩር ልጇ መስክ ላይ ሲዘል ውሎ በስብሶ ገባ። ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ በነጋታው አልተነሳም። አሁን የቀራት አንድ ግልገል ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ትለዋለች።

ክረምት ገባ። ቦራ በበሩ ስንጥቅ አፍንጫውን አውጥቶ የጎረቤት ግልገሎች ሲጫወቱ ይሰማል።

«እማ፣ ልውጣ?»

«ትበሰብሳለህ።»

«እማ፣ ትንሽ ብቻ ልውጣ?»

«ትበሰብሳለህ አልኩህ!»

ሐምሌን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ከዚያ ቦራ መጠየቁን ተወ። ጥግ ይዞ ይተኛ ጀመር። ሣር ሲሰጡት ያሸታል እንጂ አይበላም። ልነሣ ሲል እግሮቹ ይብረከረካሉ። ግልገል ካልዘለለ ምኑን ግልገል ሆነ? እናቱ ይህን አይታ ደነገጠች። ከዝናብ የደበቀችው ልጅ ቤት ውስጥ ሊያልቅባት ነው።

«እንግዲያው እየተጫወተ የማይበሰብስበት ልብስ ልፈልግለት» አለች። ይህን ለጎረቤት ነገረች። ጎረቤት ለመንገድ ነገረ፣ መንገድ ለገበያ ነገረ። ልብስ ደግሞ ትከሻ አለ ሲሉት እግር ያወጣል።

መጀመሪያ ጋቢ መጣ። ወፍራም፣ ነጭ፣ ኩሩ።

«እመት ፍየል፣ እኔን ምረጪ» አለ። «ሙቀቴን ዳስሺው። ትልልቁ ሽማግሌ ሁሉ እኔን ለብሶ ነው ሰው የሚያስታርቀው።»

ሽማግሌ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ የኔ ልጅ ግን ይሮጣል፤ እንዲህ ልትለው ይገባ ነበር። ነገር ግን ደክሟታል። የደከመ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የመጣውን እሺ ይላል፤ እኔ አውቀዋለሁ። ቦራን ጠቅልላ አወጣችው።

ዝናቡ መጣ! በሉ እንጂ!

ጣራው ይቻለው!

ጋቢው መጠጣት ጀመረ።

«ኧረ አትጠጣ!» አለ ቦራ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ጥጥ ነኝ» አለ ጋቢው፤ ደግሞም ጠጣ።

ከበደ። ቦራ ሁለት ጊዜ እንኳን ሳይዘል፣ ጋቢውን ጭቃ ላይ እየጎተተ ቤት ገባ። «እማ፣ በሰበስኩ» አለ። እናቱ እሳት አነደደች፣ እስኪሞቀው ድረስ ላሰችው።

ቀጥሎ ጃንጥላ መጣ። በአንድ እግሩ እየነጠረ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ።

«እመት ፍየል፣ ጨርቅን ከውሃ ጋር ማን አገናኘው? እኔን ምረጪ። አንዲት ጠብታ አላሳልፍም።»

«ልጄን አትከብደውም?»

«እኔ? ላባ ነኝ! የምፈልገው ቀጥ አድርጎ የሚይዘኝ ብቻ ነው።»

እናትየው አሁንም ደክሟታል፣ አሁንም እሺ አለች። ግልገል እጅ የለውም፤ ቦራ የጃንጥላውን ዘንግ በጥርሱ ነክሶ ወጣ። ዝናቡ መጣ። እውነትም ጠብታ አልነካውም። ግልገሎቹ «ቦራ፣ ና እንዝለል!» አሉት። አፉ ተይዟልና አልመለሰም። ዝም ብሎ አንድ ጊዜ ዘለለ።

«አትዝለል!» አለ ጃንጥላው።

ዞረ።

«አትዙር! ቀጥ በል!»

«ታዲያ ለምን ወጣሁ?» ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ነፋስ ጃንጥላውን ነጠቀው። ጃንጥላው ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ያየውም የለም።

«እማ፣ በሰበስኩ» አለ ቦራ። ከዚያም ሳለ።

ያቺን ሳል እናትየው ታውቃታለች። ታላቁም እንዲሁ ነበር የሳለው። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከደጃፏ በላይ ባለው ዛፍ ላይ ጎጆዋን ከሣር እየጎነጎነች የምትሠራ አንዲት ወፍ ነበረች። ልቅሶውን ሰምታ ወረደች።

«እመት ፍየል፣ እኔ ልጆቼን ዝናብ ላይ አንጠልጥዬ ነው የማሳድገው። አንድም ቀን አልበሰበሱም። ሣሩን ወደ ታች ካስተኙት ውሃው መንገዱን ራሱ ያውቃል። ገሳ ልሥራለት።»

ልጆች፣ ገሳ ማለት ገበሬ በክረምት ከላዩ የሚደርበው የሣር ካባ ነው። አይከብድም፣ እጅ አይፈልግም፣ ውሃም አይጠጣም።

ወፏ ቦራን ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ለካችው። «ሁለት ስንዝር» አለች።

«ጨምሪበት» አለች ፍየሏ።

«ለምን?»

«ያድግበታል።»

«እመት ፍየል፣ ከጉልበቱ ካለፈ እኮ ይረግጠዋል። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነው።»

«አንድ ስንዝር ጨምሪበት አልኩሽ! ለከርሞም ይሁነው።»

እናንተ በር ላይ የቆማችሁ፣ ሳቃችሁን ሰምቻለሁ። ቤታችሁ ስትገቡ ደግሞ እናንተም «ያድግበታል» ትላላችሁ።

ወፏ ሦስት ስንዝር አድርጋ ጎነጎነችው። ገሳው ቦራ ትከሻ ላይ ሲያርፍ «ረዘምኩ» አለ። «ዝም በል» አለችው ፍየሏ። ገሳው ዝም አለ።

ዝናቡ መጣ!

ጣራው ይቻለው!

ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። ቦራ ውስጡ ደረቅ ነው! አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ደረቅ ነው። ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ደረቅ ነው። በሦስተኛው የገሳውን ጫፍ ረገጠና በአፍጢሙ ቦይ ውስጥ ተደፋ። ቦዩ ደግሞ ያን ቀን ጎርፍ ሞልቶት ነበር።

ዝናቡም እንዲህ አለ፦ «እኔ ከላይ ብሞክር እምቢ ብሎኝ ነበር። ከታች በር ስትከፍቱልኝ ግን ምን ላድርግ፣ ገባሁ።»

ጎርፉ ገሳውን ነፋው፣ ቦራንም ይዞት ሊሄድ ሆነ። ያቺ ዝናብ የምትጠላ ፍየል፣ አንዲት ጠብታ ስትነካት የምትሸሸው፣ ዘላ ቦዩ ውስጥ ገባች። ውሃው አንገቷ ድረስ መጣ። ልጇን በጆሮው ነክሳ ጎትታ አወጣችው።

ቤት ገቡ። ቦራ እሳቱ አጠገብ ይንቀጠቀጣል፣ ይስላል። ገሳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል።

«እመት ፍየል፣ አንድ ነገር ልናገር?» አለ ገሳው።

«ተናገር።»

«ቁረጪኝ።»

ወፏ በመስኮት ሆና «ግን ምን ነካሽ? ለምን ለከርሞ?» አለቻት።

ያን ጊዜ ፍየሏ ተናገረች። «ታላቁ ከርሞን አላየም። ይሄኛው ለከርሞ የሚሆን ልብስ ካለው፣ ከርሞ የሚደርስልኝ መስሎኝ ነው።»

ወፏ ከመስኮቱ ገብታ አጠገቧ አረፈች።

«ስሚኝ» አለ ገሳው። «እኔ ሣር ነኝ። በየዓመቱ እበቅላለሁ። ለከርሞ ሌላ ሣር አለ፣ ይቺ ወፍም አለች። ቦራ ግን ሌላ የለሽም። ከርሞን እንዲያይልሽ ዘንድሮን ይድረቅ። ቁረጪኝ።»

ፍየሏ ተነሣች። ፍየል ናትና መቀስ አልፈለገችም። እያለቀሰች፣ ያን ትርፉን አንድ ስንዝር ሣር በጥርሷ ቆርጣ በላችው። ገሳው አመመኝ አላለም።

ቦራ ሦስት ቀን ተኛ። እናቱ ሦስት ቀን አልተኛችም። በአራተኛው ቀን ሳሉ ተወው። በአምስተኛው ብድግ አለና በበሩ ስንጥቅ አፍንጫውን አወጣ።

«እማ፣ ልውጣ?»

ልቧ ፈራ። ቢሆንም ገሳውን አወረደች፣ ትከሻው ላይ አደረገች፣ ከጉልበቱ በላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየች። ከዚያ በሩን ከፈተች።

ዝናቡ መጣ። ቦራ ዘለለ፣ ዞረ፣ ከግልገሎቹ ጋር ተጋጨ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። እናቱ ደጃፉ ላይ ሆና ዝላዩን ትቆጥር ጀመር፤ ሃያ ሲደርስ ተሳሳተባትና ተወችው።

አመሻሹ ላይ እየሮጠ መጣ።

«እማ!»

«ወዬ ልጄ! በሰበስክ?»

«እማ፣ ራበኝ።»

ፍየሏ ገሳውን ገለጠችና ጀርባውን ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር፣ ሞቃት ነበር። ሣር አቀረበችለት፤ በላ፣ ጨምሪልኝ አለ። እሷም ሲበላ እያየች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት።

ተረቴ ይኸው ነው። ለከርሞ ልጅ የተሠራ ገሳ የዘንድሮውን ልጅ ያበሰብሳል።

አንቺ የትርሲት እናት፣ ነይ ግቢ፣ አትፈሪ፣ አልቆጣሽም። እኔም ልጆቼን ሳሳድግ ያድጉበታል ብዬአለሁ፤ ጸሎት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያቺን የዝናብ ካፖርት እጅጌዋን ሁለት ጊዜ፣ ጫፏን አንድ ጊዜ እጠፊና ስፊላት። ልጅቷ ዛሬ ጫፏን እየረገጠች ሦስት ጊዜ ወድቃለች። ዘንድሮ አራት ዓመቷ ነው፤ የአራት ዓመት ልብስ ይበቃታል።

ተረቴን መልሱ፣ ደረቅ ልብስ ልበሱ።