ሁለት ሰው በሦስት ጫማ

አንድ ሸማኔ በአንድ ሰፊ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ይኖር ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። አርባ ዓመት ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን፣ ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ እንጂ ባሕር ውስጥ ስትጠልቅ አንድ ቀን እንኳ አይቶ አያውቅም።

በዚያ ደሴት የቆየ ልማድ አለ። ከምሥራቅ ተነሥቶ እስከ ምዕራቡ ወደብ በእግሩ ለተጓዘ ሰው ነጋሪት ይጎሰምለታል፤ ስሙም በሕዝብ ፊት ይጠራል። መንገዱ አሥራ ስምንት ቀን ይፈጃል። በበቅሎ ወይም በሰው ጀርባ ለገባ አይጎሰምም። ክረምት ሊገባ ሲል በተወሰነው ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ነጋሪቱ በቆዳ ይሸፈናል፤ ዝናቡ እስኪያልፍም አይገለጥም። ዘርጋው ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ጉልበቱ ሌላ ዓመት እንደማይጠብቀው ስላወቀ፣ ሳይሞት ያን ነጋሪት በስሙ ሊሰማ ቆረጠ።

ዘርጋው ጥንቁቅ ነበር፤ ፈሪ ነው የሚሉትም አልጠፉም። ሸማኔ አንዱን ቀሰም ክር ሲጨርስ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ሌላውን ሞልቶ አጠገቡ ያስቀምጣል። እሱም ለጉዞው ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት አድርጎ ያዘ፤ ሁለት ቅል፣ ሁለት ጋቢ፣ በጠፍር የሚታሰር ሁለት ጥንድ ጫማ። ስልቻውን ሲሸከም ወገቡ እጥፍ አለ።

በመነሻው ቀን ቢተው የሚባል ወጣት መልእክተኛ አየውና ሳቀ። ቢተው ከዱላና ከትንሽ ስንቅ በቀር የያዘው አልነበረም።

«ጋሼ ዘርጋው፣ መንገድ ላይ ሱቅ ሊከፍቱ ነው?»

«አንዱ ቢበላሽስ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ሁለቱም ቢበላሹስ?»

ዘርጋው ደነገጠ። ይህን አላሰበውም ነበር። «እሱንስ እግዜር አያምጣው!» አለና መንገዱን ጀመረ። የቆመው ሰው ሁሉ ከኋላው ሳቀበት።

በስድስተኛው ቀን ትጓደድ የምትባል ሸክላ ሠሪ መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኘ። የውኃ ቅሏ ወድቆ ተሰብሯል፤ ፊት ለፊት ደግሞ የሁለት ቀን ደረቅ ሜዳ አለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ እንስራ ስሠራ ኖሬ ውኃ መያዣ አጣሁ» አለችው። «ይሳቁብኝ እንጂ፣ ምን ቸገረኝ! ልመለስ ነው።»

ዘርጋው አልሳቀም። «የኔም ቢሰበርስ?» አለው ልቡ። ሁለተኛውን ቅል ግን ሰጣት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አንዷን ቅል እንደ ሕፃን አቅፎ ሄደ። ሁለተኛውንም ጋቢ በቀዝቃዛው ተራራ ላይ በወባ ለሚንቀጠቀጥ መንገደኛ ተወለት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተጓዦች እጅግ የሚፈሩት ጥቁር የድንጋይ ሜዳ ላይ ደረሰ። እዚያ ቢተው ጫማው ተበጣጥሶ፣ እግሩ ደምቶ፣ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ይለፉ ጋሼ» አለ አቀርቅሮ። «ሱቅዎ ክፍት ነው ወይ ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።»

ዘርጋው አለፈው። አሥር እርምጃ ሄደ። ሦስት ቀን የሚያስኬድ ስለታም ድንጋይ ከፊቱ አለ። ያደረገው ጫማ ቢበጠስ ነጋሪቱ ቀረ ማለት ነው። አሥራ አንደኛውን እርምጃ ግን መራመድ አቃተው። ተመልሶ ስልቻውን ፈታ።

«ሱቁ ክፍት ነው» አለ። «እግርህን ወዲህ በል።»

ቢተው ቁስሉን አስሮ አንድ ቀን አረፈ፤ ነጋሪቱ በሚሸፈንበት በመጨረሻው ቀን ዘርጋው ላይ ደረሰና አመስግኖ ቀደመው። ዘርጋውም ቀስ እያለ ተከተለ። ወደቡ ታየው፤ ነጋሪቱ የተሰቀለበት ዋርካ ታየው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት፣ አንድ ድንጋይ የግራ ጫማውን ሁለት ቦታ ከፈለው። በባዶ እግሩ ሊሄድ ሞከረ፤ ድንጋዩ እንደ ምላጭ ቆረጠው። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ስልቻው ገባ። ሁለተኛው የለም።

ተቀመጠ። ልቡ ሲፈራው የኖረው ቀን መጣ።

ቢተው ወደቡ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዘወር ሲል ሽማግሌውን ተቀምጦ አየውና እየሮጠ ተመለሰ።

«ጀርባዬ ላይ ይውጡ!»

«ሕጉን ታውቀው የለ? በሰው ጀርባ ለገባ አይጎሰምም።»

ቢተው ጎንበስ አለና የግራ ጫማውን ፈታ።

«አንተስ በምን ትሄዳለህ?»

«እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ በአንድ እግርም ከእርስዎ እቀድማለሁ። ትከሻዎን ብቻ ያውሱኝ።»

እናም አንዱ እያነከሰ፣ ሌላው በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ወረዱ። ነጋሪት ጎሳሚው ቆዳውን በእጁ ይዞ ሊሸፍን ቆሞ ነበር።

«ሁለት ሰው በሦስት ጫማ!» አለ እየሳቀ። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። በሰው ጀርባ ነው የመጣችሁት?»

«በትከሻ ነው» አለ ቢተው።

ሰውዬው ጥቂት አሰበ። «ሕጉ ጀርባ ይላል እንጂ ትከሻ አይልም። የማንን ስም ላስቀድም?»

«የባለ ሱቁን!» አለ ቢተው ወደ ዘርጋው እያመለከተ።

ነጋሪቱ ተጎሰመ። ምድሩ አስተጋባ። «ሸማኔው ዘርጋው!» ተብሎ ሲጠራ፣ ቀድማ የገባችው ትጓደድ ቅሏን ከፍ አድርጋ እልል አለች፤ ሕዝቡም ተቀበላት። የቢተውም ስም ተከተለ። ፀሐይዋ ያን ጊዜ ባሕር ውስጥ ገባች፤ ዘርጋው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ስትጠልቅ አየ።

ሕዝቡ ሲበተን ስልቻውን ከፈተ። ከሁሉም አንድ አንድ ብቻ ቀርቶታል። «አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ፍርሃቴን የተሸከምኩ መስሎኝ ነበር» አለ በልቡ። «ለካስ የሰዎች አደራ ኖሯል። ባለቤቶቹ ከፊቴ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።» ቢበላሽስ ብሎ በመስጋቱ ከዚያ ቀን ወዲያ አላፈረም።

ጥንቃቄ ነውር አይደለም። ለራስ ብቻ ከታሰረ ወገብ ያጎብጣል፤ ለሌላው ከተፈታ ግን ወደብ ያደርሳል። ከስልቻው የወጣው ጫማ ባይሰጥ ኖሮ፣ በመጨረሻው ቀን ማን ይመለስለት ነበር?

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እኅቴ፣ ቢበላሽስ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ሁለተኛው የማን ይሆን?