ያልተደፋው ጣባ

የተራበ ሰው ደጃፋችሁ ቆሞ ሳለ ጠግባችሁ የምትተኙ ምእመናን ሆይ፥ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ማርያም ለአገልጋይዋ ለወለተ ኪዳን ያደረገችውን ልንገራችሁ ።

ይህች ወለተ ኪዳን በሽንብሪት ማርያም ደጅ የወደቁትን ነዳያን የሚያበላ ማኅበር አባል ነበረች፤ ማኅበርተኛው ያለ ደመወዝ፥ ከየቤቱ ያለውን ይዞ የሚመጣ ነው ። ሥርዓታቸውም ይህ ነበር፦ የመጣው ነዳይ እግሩ ይታጠባል፥ በራሱ የሸክላ ጣባ ይቀርብለታል፥ በልቶ ሲጠግብም ጣባውን በገዛ እጁ ይደፋል፤ ያልተደፋ ጣባ ባለቤቱን ይጠብቃል እንጂ ለሌላ አይሰጥም ። ወለተ ኪዳንም በየዕለቱ ጣባው ሁሉ ሳይደፋ እህል ላትቀምስ ለእመቤታችን ተስላ ነበርና ስለቷን አጓድላ አታውቅም ። እኛ ብንሆን በልተን በተኛን ነበር ።

ከዚያም በአገሩ ተስቦ ገባና ነዳያኑ በቅጥሩ ሥር ረገፉ፥ ከማኅበርተኛውም ፈርቶ ቤቱን የዘጋው በዛ፥ ካህናቱም ደክመው ፍትሐቱ አጠረ፥ ትኩሳት ጥሎ ዝም ያሰኘውን ሁሉ በሰሌን ጠቅልሎ ወደ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ማውረድ ልማድ ሆነ፤ ጉድጓዱም እስኪሞላ ድረስ አፈር አይመለስበትም ነበር ። የማኅበሩ አለቃ ባየህም ወለተ ኪዳን ሳታይ የሟቹን ጣባ ራሱ ይደፋው ጀመር ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ታክቶት ነው ።

ገላው የሚባል ወገቡ ተሰብሮ ነዳይ የሆነ ተሸካሚ በሰሌን ተጠቅልሎ በወጣ ቀን፥ ባየህ ጣባውን ደፋው፤ ወለተ ኪዳን ግን አይታው ነበርና መልሳ አቃናችው፥ ምግቡን ጨመረችበት ።

«በእጁ አልደፋውም፤ እኔም አልበላም» አለች ።

«አንቺ እኅቴ፥ የሞተ ሰው ይበላል እንዴ? በራብ ልትሞቺብን ነው» አላት ።

እርስዋም ጾሟን አደረች፥ በማግሥቱም በማኅበሩ ቤት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ወድቃ «እመቤቴ፥ ወይ ከስለቴ ፍቺኝ፥ ወይ ባለቤቱን ስጪኝ» ብላ አለቀሰች ። ወዲያውም ሰማያዊ የለበሰች እንግዳ ሴት ገብታ ተቀመጠች፤ ወለተ ኪዳንም እንደ ልማዷ ውኃ አቅርባ እግሯን ብታጥባት የጉድጓዱ ቀይ አፈር ሳፋውን ሞላው ።

«ከየት መጣሽ፥ እናቴ?»

«ከጉድጓዱ ዳር ነኝ ። አንድ ልጄ ምግቡን አልበላም» አለቻት ።

ቀና ብትል ሴቲቱ የለችም፤ ቀዩ አፈር ግን በሳፋው ውስጥ አለ ። ወለተ ኪዳንም የገላውን ጣባ አቅፋ እየወደቀች እየተነሣች ወደ ጉድጓዱ ሄደች፥ ባየህም ተከተላት፥ በጉድጓዱ አፍ ቆማ «ገላው!» ብላ ብትጣራ፥ ከሬሳዎቹ መካከል አንዱ ሰሌን ተነቃነቀና የሰው እጅ ወጣ ። ጎትተው አወጡት፥ አጎረሰችው፥ ነፍሱም በተመለሰች ጊዜ ጣባውን በገዛ እጁ ደፋ ። ወለተ ኪዳንም እመቤታችንን አመስግና እህል ቀመሰች ።

ባየህ ግን አልበላም ። በገዛ እጁ ጣባ የደፋላቸውን እያሰበ፥ በጉድጓዱ ዳር ተንበርክኮ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ስማቸውን እያነሣ ተጣራ ። የመለሰለት የለም ።

ገላውን የሰማች እመቤት እናንተንም ትስማችሁ፤ በወደቃችሁበት ቀን ስማችሁን የሚጠራ ሰው አታሳጣችሁ፥ ለወደቀውም ሳይመሽበት የምትደርሱ ታድርጋችሁ፤ አሜን ።