አባቱን የደበቀው ሽንኩርት

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ያንቀላፋም ካለ ጎኑን ነካ አድርጉት።

ድሮ፣ ዕፅዋት ስማቸውን በራሳቸው አፍ በሚናገሩበት ዘመን፣ አንዲት ጃርት ነበረች። አገሯን ድርቅ ቢመታው ልጆቿን አስከትላ ወደ ደጋ ጫካ ተሰደደችና ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ገባች። ቤቱስ ጥሩ ቤት ነበር። ያስቸገራት ምግቡ ነው። በአገሯ ሥራሥሩን ሁሉ በስሙ ታውቀው ነበር፤ እዚህ ግን ቅጠሉ ሁሉ ባዳ ሆነባት። ልጆቿ ራበን ይላሉ፤ እሷ ደግሞ የማታውቀውን አጉርሳ እንዳትገድላቸው ትፈራለች።

እናቷ አንድ ነገር አስተምራታለች። የማታውቂው ተክል ሲያጋጥምሽ ስሙን ከነአባቱ ጠይቂ፣ ግማሹን ነግሮሽ ግማሹን ከዋጠ አትመኚው ብላት ነበር።

ጎረቤቷ አያ ጅቦ ነው። የጃርትን ልጆች ባየ ቁጥር ምራቁ ይሞላል፤ የእናትየዋን እሾህ ባየ ቁጥር ደግሞ ምራቁን ይውጣል። ታማ ብትተኛ ኖሮ እያለ ይመኛል።

እመት ጃርት ምግብ ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ ያገኘችው ቢጫ ፍሬ ያንጠለጠለ ቁጥቋጦ ነው።

«ስምህ ማን ነው? የማን ልጅ ነህ?»

«እምቧይ፣ የእሾህ ልጅ። ፍሬዬ ለዓይን ነው፤ የቀመሰኝ ሁሉ ረግሞኝ ነው የሚሄደው።»

አመስግናው አለፈች። ቀጥላ አንድ አጭር ተክል አገኘች፤ ፍሬው ገሚሱ ጥቁር፣ ገሚሱ አረንጓዴ ነው።

«ስምህ ማን ነው? የማን ልጅ ነህ?»

«አውጥ፣ የአጥር ጥግ ልጅ። ጥቁሩን ብዪ፣ አረንጓዴውን ተዪ።»

እሷም ጥቁር ጥቁሩን ለቅማ ለልጆቿ ወሰደች። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ወዲያው አለቀ፤ ልጆቹም ጣታቸውን ልሰው ምሳውስ የት አለ አሏት።

ይህን ሁሉ አያ ጅቦ ተደብቆ ያይ ነበር። በወንዙ ዳር የጅብ ሽንኩርት የሚባል ተክል አለ። ጅብ ስሜን የያዘ ነው እያለ ይኮራበታል እንጂ በአፉ አዙሮት አያውቅም፤ ቀምሳው ስትንገዳገድ የሰነበተች ሚዳቋ አይቷላ። ሮጦ ሄደና ተክሉን አስጠነቀቀው። ጃርት ስምህን ስትጠይቅህ «የጅብ» የሚለውን ዋጠው፣ «ሽንኩርት» ብቻ በል፣ አለዚያ እረግጥሃለሁ አለው።

ከዚያም እመት ጃርትን ከነልጆቿ ምሳ ጋበዛት። እንግዳዬ ነሽ፣ ጎረቤቴ ነሽ እያለ ወንዝ ዳር አደረሳትና የሽንኩርቱን ራስ ቆፍሮ አወጣላት። ወፍራም ነው፣ ነጭ ነው። የልጆቹ ዓይን ፈጠጠ። እሷ ግን እንደ ልማዷ ጠየቀች።

«ስምህ ማን ነው?»

«ሽንኩርት።»

«የማን ሽንኩርት?»

ተክሉ ጅቡን አየና የቀረውን ስሙን ዋጠው።

እመት ጃርት ቅጠሉን ቀንጥሳ፣ በጣቷ አሽታ አሸተተችው። ሽንኩርት የሆነ ሽንኩርት ዓይን ያስለቅሳል፤ ይህ ግን ምንም አይሸትም። ልጆቿ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ዝንጀሮዎችም ከዛፍ ላይ ሆነው ግብዣውን ያያሉ። ፈራች፤ ፍርሃቷን ግን ዋጥ አድርጋ ፈገግ አለች።

«አያ ጅቦ፣ በእኛ አገር ምግብ ያቀረበ ራሱ ቀምሶ ነው የሚያቀርበው። በእናንተ አገር ደንቡ ሌላ ነው?»

አያ ጅቦ ደንቡስ አንድ ነው፣ ግን አፌ እንዳይሸት ፈርቼ ነው አለ። የአፉ ሽታ ከእሱ ቀድሞ የደረሳቸው ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ።

«እንግዲያው እኔው ላጉርስህ። በጎረቤቶችህ ፊት ጉርሻዬን አትመልስብኝም መቼም።»

ዝንጀሮዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ጅብ አፈረ። በጉንጬ ይዤ ዞር ብዬ እተፋዋለሁ ብሎ አስቦ አፉን ከፈተ። እመት ጃርት አጎረሰችው፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው። ጉንጩ ሞልቶ መተንፈሻ ሲያጣ ዋጠው። ብዙም ሳይቆይ ሆዱ እንደ ነጎድጓድ አጉረመረመ፤ መቀመጫውን ይዞ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ከዚያ የተሰማውን ድምፅ ለእናንተ መንገር ነውር ነው።

ጅብ ሲርቅ ተክሉ ምላሱ ተፈታ።

«የጅብ ሽንኩርት ነኝ፣ እመት። አባቴን የደበቅኩት ፈርቼ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

እሷም ይቅር አለችው። እሱም ከወንዙ ማዶ ያለ ሾላ ፍሬው መሬት ላይ ተዘርግፎ በላተኛ እንዳጣ ነገራት። ተሻግራ ሾላውን ስሙን ከነአባቱ ጠየቀችው፤ ሾላም አንድም ሳይውጥ ተናገረ። የዚያን ቀን ልጆቿ በልተው፣ ጠግበው፣ ከዛፉ ሥር በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ እናታቸውም ካገሯ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘና ብላ ሳቀች።

ተረቴ እዚህ ላይ ጠገበ። ዛሬ ዕፅዋት አይናገሩም፤ የሚያውቃቸው ሰው ግን አይጠፋም። ከጫካም ሆነ ከጓሮ ያገኛችሁትን ቅጠል አፋችሁ ሳታደርሱት ስሙን ከነአባቱ ጠይቁ። የአባቱን ስም የሚደብቅ ጋባዥ ከገጠማችሁም አትጣሉት፤ ቀድማችሁ አጉርሱት።