በአቶ ላቀው ሶፋ ላይ የቀረው ስም

በእኛ ሰፈር፣ ደሴ፣ ሹመቱ ሳይጸናለት ማኅተም የሚያስቀርጽ ሰው ከታየ ትልልቆቹ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። እንግዳ ሰው ከመጽሐፍ የተገኘች ይመስለዋል። የተገኘችው ግን ከአቶ ላቀው ሶፋ ላይ ነው።

አቶ ላቀው ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ትርንጎንና ወንድይፍራውን ያዋደዳቸው ፈጣሪ ነው፤ ወንድይፍራው ግን የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ከከፈተ ዓመት አልሞላውም፤ አባትየው ደግሞ «ስሙን ለማላውቀው ሰው ልጅ አልሰጥም» ይላሉ። በዚያ ላይ የአንድ ባንክ ሠራተኛ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ መጣ።

«አባቴ የሚፈልገው ስም ያለው ሰው ነው፤ አንድ ነገር አድርግ» አለችው ትርንጎ።

አደረገ። አዳዲስ ነጭ ጋቢዎች ገዛና ካናቴራና ኮፍያ ላይ የድርጅት ስም ወደምታትመው ወደ ዘሐራ ሱቅ ሄደ።

«ጀርባቸው ላይ ‹ወንድይፍራው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ› ይጻፍልኝ። ከሥሩ ‹አያፈስም› የሚል ይግባበት።»

«ለሠራተኞችህ ነው?»

«ለሽማግሌዎቼ።»

ዘሐራ ከሥራዋ ቀና ብላ አየችው። ሥራ ግን ሥራ ነው። «እንግዲያው በክር ይጠለፍ። ጥልፍ ያምራል፤ ጋቢው እስኪያልቅም አይለቅም። ሳምንት ይፈጅብኛል።»

«ነገ ጠዋት ነው የሚሄዱት።»

«እንግዲያው በሙቀት ማሽኑ ልጫንበት፤ እሱ ወዲያው ያልቃል። መብራት ከመጣ።»

መብራቱ ከጠፋ ሰንብቷል። ዘሐራ ፊደል የሚወጣበትን፣ በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ አነሳች። «የቀረን ይኸው ነው። ቀለሙን በላዩ አፍስሼ በእጄ እገፋዋለሁ። መብራት አይፈልግም፤ ፀሐይ ግን ይፈልጋል። ጋቢ ደግሞ ቀለም ይጠጣል።»

ወንድይፍራው ወደ ውጭ ተመለከተ። የነሐሴ ጉም መንገዱን ውጦታል።

«ይደርቃል» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ አትሚው፤ ይደርቃል።»

በማግስቱ እሁድ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። የሚመሯቸው የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ጥሩነህ ነበሩ። ጋቢውን ገልበጥ አድርገው አነበቡ።

«ልጄ፣ የምንሄደው ልጅ ልንጠይቅ ነው ወይስ ቧንቧ ልንሸጥ?»

«ስሜ እንዲታወቅ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

እምቢ ቢሉ የልጁ ፊት ሊጠቁር ነው፤ ለበሱት። «እርጥብ እርጥብ አለኝ» አሉ።

«ብርዱ ነው፣ ጋሼ።»

አቶ ላቀው እንግዶቻቸውን በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉ። እያንዳንዱን አቀፉ፤ እንደ ወጉም ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ በእጃቸው በሠሩት ነጭ ዳንቴል በተሸፈነው ሶፋ ላይ አስቀመጧቸው። ሽማግሌዎቹም ደገፍ አሉ።

ጋሽ ጥሩነህ የመጡበትን ጉዳይ አቀረቡ። አቶ ላቀው እያዳመጡ በመዳፋቸው ግንባራቸውን ጠረግ አደረጉ። ግንባራቸው ጠቆረ። ነገሩ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ጉንጫቸውንም ደገሙት። የሰውን ቤት ጌታ በገዛ ቤቱ «ፊትህ» ማለት ነውር ነውና ጋሽ ጥሩነህ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው የልጁን ጨዋነት ማስረዳት ቀጠሉ። ትርንጎ መስተንግዶ ይዛ ገባች፤ አባቷን አየች፤ ከነትሪው ተመለሰች።

«እንግዲህ እንመክርበታለን» አሉ አቶ ላቀው። ሽማግሌዎቹ ተነሡ።

ዳንቴሉ ላይ፣ በየተቀመጡበት፣ ፊደል ተገልብጦ ቀርቷል።

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ በቀጭን ድምፅ።

አቶ ላቀው ጎንበስ ብለው ከቀኝ ወደ ግራ ሞከሩት። «አያፈስም ይላል።»

«ምኑ?»

ጋሽ ጥሩነህ ሽማግሌዎቹን እየመሩ ወደ በሩ አመሩ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ዳንቴሉን በሎሚ አሹት፤ በበረኪና ዘፈዘፉት። ለመድረቅ እምቢ ያለው ቀለም ለመልቀቅም እምቢ አለ፤ ከሥር ሶፋውም ጠጥቶታል። የባንክ ሠራተኛው ሽማግሌዎች ሲመጡ የተቀመጡት እዚያው ላይ ነው። እነሱ እንደሄዱ ትርንጎ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ ስሙን ያበላሸው ለእኔ ሲል ነው። ሌላ ሰው አላገባም» አለች። አቶ ላቀው ወራት አሰቡበት። ጠዋት ጠዋት ሶፋው ላይ እየተቀመጡ «ስሙን አላውቀውም» ማለት ግን ከዚያ ወዲያ አልተቻላቸውም። በጥር ዳሯት።

አባባሏ የተወለደችው ግን ገና በዚያች እሁድ፣ ማንም ሠርግ ባላሰበበት ሰዓት ነው። ወንድይፍራው መንገዱ ጥግ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ አይቶ ሮጠ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ? ስሜን ሰሙት?»

ጋሽ ጥሩነህ ጋቢውን አውልቀው፣ የታተመውን ወደ ውስጥ አጥፈው ክንዱ ላይ አኖሩለት። ስሙ ኮታቸው ላይም ሰፍሮ ነበር።

«ሰምተውታል» አሉ፤ «ግን ልጄ፣ ስም ሳይደርቅ አይለበስም።»